ጓድ ዳኜ ያቃናው መንገድ

በሕይወቴ እንደዚያን ቀን የሮጥኩበት ቀን የለም። መንገዳችን የተቃና ዕለት ማለቴ ነው። ከአስፋልቱ ተነሥቼ እስከ ወንዙ ቁልቁል፣ ከወንዙ ደግሞ ሽቅብ እስከ አስፋልቱ፣ ላንቃዬ እስኪደርቅ ሮጥኩ። አዲስ የፈሰሰው ገረጋንቲ እግሬ ሥር ኮሽ ኮሽ ይላል፤ ግራና ቀኝ በኖራ የተቀቡት ድንጋዮች ነጭ በነጭ ሆነው ያልፉኛል። ስምንት ዓመቴ ነው። አሥረኛው የአብዮት በዓል ሊመጣ ነው ተብሎ ከተማው ሁሉ ሽር ጉድ ይላል፤ እኔ ግን በዓሉ መካኒሳ፣ እኛ በር ላይ፣ ቀድሞ የገባ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ በፊት የነበረንን ነገር መንገድ ማለት ይከብዳል። ከአስፋልቱ ገባ እንዳሉ የእትዬ ሐሚዳ አጥር ፊት ለፊት ይደነቀራል። እሱን ዞሮ ሲያልፉ ትልቁ ግራዋ አለ። ግራዋውን አለፍኩ ሲሉ ደግሞ የጋሽ መዝገቡ ቤት ጎኑን ሰጥቶ ቆሟል። በየመታጠፊያው ሰው አይጠፋም። ጀሪካኗን አስቀምጣ የምታርፍ አለች፣ ተደግፎ ጋዜጣ የሚያነብ አለ፣ ዝም ብሎ የቆመም አለ። እናቴ አስቴር ቦኖ ውሃ ልትቀዳ ከወጣች የምትመለሰው ማታ ነው ማለት ይቀላል፤ በየመታጠፊያው ከአንዷ ጋር ስትሳሳም፣ ከሌላዋ ጋር ስታወራ፣ እኔ ቤት ሆኜ በረሃብ አልቃለሁ። ስለዚህ ያንን ጠማማ መንገድ አጥብቄ እጠላው ነበር።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ዳኜም ይጠላው ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ራሱም እንደ ስልክ እንጨት ቀጥ ያለ ሰው ነው። ካኪ ልብሱ ላይ አንዲት የተጨማደደች መስመር አይቼ አላውቅም። ስለ መንገዱ በተጠራው ስብሰባ ወንበር ላይ ቆሞ፣ "ጓዶች! መንገድ ማለት እዚህ ጫፍ የቆመ ሰው እዚያ ጫፍ ያለውን ሰው የሚለይበት ነው!" ሲል መዳፌ እስኪቀላ አጨበጨብኩ። ዞር ስል ከእኔ ሌላ እንደዚያ ከልቡ የሚያጨበጭብ የለም። ትልልቅ ሰዎች ሲባሉ ለነገር ሁሉ ቀዝቃዛ ናቸው ብዬ ተውኳቸው።

በየቅዳሜው ዘመቻ ተወጣ። የእትዬ ሐሚዳ አጥር ወደ ውስጥ ገባ፣ የጋሽ መዝገቡ ቤት ጥግ ተቆረጠ፣ ግራዋው ወደቀ። አስፋልቱ መግቢያ ላይ በቆርቆሮ የተሠራች የዘብ ቤት ቆመች፤ ዘቡ ሙሄ ጠመንጃውን ታቅፎ በረንዳዋ ላይ ይቀመጣል። ከዚያ ሆኖ እስከ ወንዙ ድረስ ማን ከየትኛው በር እንደወጣ፣ ማን የትኛው በር እንደገባ ቁልጭ ብሎ ይታየዋል። እኔ ከደጃችን እጄን አውለበልብለታለሁ፤ እሱም አንዳንዴ ያውለበልብልኛል። ከዚህ የበለጠ ምን ደስታ አለ!

ሌላም ያስደሰተኝ ነገር ነበር። መንገዱ እናቴን ቀልጣፋ አደረጋት። ቦኖ ሄዳ እኔ መሄዷን ሳላውቅ ትመለሳለች። መንገዱ መሀል አትሄድም፤ ዳር ዳሩን፣ አጥር አጥሩን ይዛ፣ አንገቷን ቀብራ ሱክ ሱክ እያለች ነው የምትመጣው። ሌሎቹም እንደዚያው ናቸው። ቆሞ የሚያወራ የለ፣ ጀሪካን አስቀምጦ የሚያርፍ የለ፣ ሰላምታው ራሱ በሩቁ ከፍ በተደረገ እጅ ብቻ ሆነ። ሰፈራችን ሠለጠነ ብዬ አሰብኩ።

ዛሬ ከጎፋ ወደ መካኒሳ በእግሬ ስወርድ፣ ከኋላዬ ማንም ሳይኖር ጀርባዬን ቀዝቀዝ የሚለኝ ቦታ አለ። ረጅም ግንብ አጥር በሁለቱም ወገን፣ መጠለያ የሌለው፣ መታጠፊያ የሌለው። እግሬ ሳላዝዘው ይፈጥናል። እናቴ ለምን ቀልጣፋ እንደሆነች የገባኝ በራሴ እግር ነው።

እኛ በዚያን ጊዜ "ጴንጤ" የምንባል ቤተሰቦች ነን። ጸሎት ቤታችን ታሽጓል። እኔ የማውቀው፣ መንገዱ ሳይቃና በፊት፣ በየሳምንቱ እንግዶች ይመጡብን እንደነበር ነው። አንድ ላይ አይመጡም። አንዱ በግራዋው በኩል ብቅ ይላል፣ ቆየት ብሎ ሌላው ከእትዬ ሐሚዳ አጥር ጀርባ ይመጣል፣ ሌላዋ ደግሞ ከጋሽ መዝገቡ ሚስት ጋር ስታወራ ቆይታ ሹልክ ትላለች። ሁሉም ገብተው ሲያበቁ በጣም ዝግ ባለ ድምፅ ይዘምራሉ። ጎረቤት ላለመረበሽ መስሎኝ በጨዋነታችን እኮራ ነበር። መንገዱ ከተቃና ወዲህ እንግዶቹ ቀሩ። እኔም ሥራ በዝቶባቸው ነው አልኩ።

አብራን የምትኖረው የእናቴ ታናሽ እህት፣ አክስቴ ሣራ፣ በሰልፍ ላይ ግራ እጇን ወደ ላይ አንሥታ መፈክር አላሰማም ብላ ሁለት ሳምንት ታስራ ወጥታለች። እኔ እጇን የሚያማት ይመስለኝ ስለነበር ጠዋት ጠዋት ቅባት እቀባት ነበር። እሷም እጇን ትዘረጋልኛለች፤ አንድ ቀን እንኳ አልሳቀችብኝም።

እንግዲህ የዚያን ሰሞን የቤታችን ጭንቀት ይህችው ሣራ ነበረች። ወጋየሁ የሚባል ከእንግዶቻችን አንዱ የሆነ ወጣት አጭቷታል። እሱ ደግሞ አሰብ ወደብ ሥራ ተመድቦ በቅርቡ ሊሄድ ነው። እንዲህ መሆኑን ያኔ አላውቅም። የማውቀው አንድ ከሰዓት በኋላ፣ እኔ ከመጋረጃው ወዲህ አሻንጉሊቴን ሳለብስ፣ እናቴ፣ ሣራና እትዬ ሐሚዳ ጓዳ ተቀምጠው ሲንሾካሾኩ የሰማሁትን ብቻ ነው።

"በዚህ መንገድ ያ ሁሉ ሰው እንዴት አድርጎ ይገባል?" አለች እናቴ።

ሳቄ መጣ። ጭነት መኪና የሚገባበት መንገድ ሰው አያስገባም?

"ተዪው በቃ እታለም። ማዘጋጃ ቤት ፈርመን እንሄዳለን።" ሣራ ናት።

"ሳይጸለይልሽ? ወገን ሳይቆምልሽ? እንደ ጠፋ ዕቃ?"

"ፈቃድ ብትጠይቁስ?" አለች እትዬ ሐሚዳ።

"ጠየቅን እኮ። 'ለጴንጤ ስብሰባ ፈቃድ የለም። ሰርግ ነው ካላችሁ ደግሞ የቀበሌው ኪነት ቡድን ይዝፈንበት፣ ጥበቃም ይቁምበት' አለን ዳኜ።"

ከዚያ እትዬ ሐሚዳ፣ "ለቅሶስ?" አለች። "ለለቅሶም ፈቃድ ይጠየቃል?"

ይኼኔ እናቴ መጋረጃውን ገለጥ አደረገችና፣ "ውቤ፣ ሂጂ እስቲ ክብሪት ግዢ" ብላ ላከችኝ። ክብሪት ነበረን። ቀሪውን የሰማሁት አድጌ ነው። እናቴ፣ "እኔ አልዋሽም ሐሚዳ፤ እምነቴም አፌም እሺ አይሉኝም" ስትል፣ እትዬ ሐሚዳ፣ "አንቺን ማን ዋሺ አለሽ? አንቺ አንገትሽን ድፊ። ውሸቱን እኔ እሸከመዋለሁ፤ ከአላህ ጋር እኔው እነጋገራለሁ" አለቻት አሉ።

በማግስቱ ገና ጎህ ሳይቀድ የእድሩ ጥሩምባ አስነሣኝ። እትዬ ሐሚዳ አልጋዬ አጠገብ ቁጭ ብላለች፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች። "ውቤ፣ የኔ ቆንጆ፣ አጎትሽ ላቀው አገር ቤት አረፈ" አለችኝ።

አጎት እንዳለኝ አላውቅም ነበር። በአንድ ጊዜ አጎት አገኘሁ፣ በዚያው አጣሁት።

"ምን ዓይነት ሰው ነው?" አልኳት።

እትዬ ሐሚዳ ለዚህ ጥያቄ የተዘጋጀች አልመሰለችኝም፤ ጣራ ጣራውን አየች። ከጀመረች በኋላ ግን ማን ያቁማት! "ኡ! ቁመቱ! በዚህ በር ጎንበስ ሳይል አይገባም። ጊቤን በክረምት በዋና ነው የሚሻገረው። ቀይ በሬ አለው፣ በስሙ ሲጠራው ከሜዳው ማዶ እየሮጠ የሚመጣ። ወላሂ እንደሱ ሳቂታ አላየሁም። አንቺን ሊያይ ለገና ሊመጣ ነበር እኮ፣ ማር ይዞልሽ።"

ማሩ ላይ ስትደርስ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። እትዬ ሐሚዳ ደንግጣ አቀፈችኝ፤ ጀርባዬን እየደባበሰች፣ "አይ እኔ! አይ እኔ!" ትላለች። ለላቀው ያዘነች መስሎኝ እኔም እሷን አባበልኳት።

ግቢያችን ጠባብ ስለሆነ ድንኳኑ መንገዱ ላይ ተተከለ፣ ከዳር እስከ ዳር። የእድሩ ዳኛ ጋሽ መዝገቡ ራሱ ካስማውን እያስመታ፣ "ጠበቅ አድርጉት! ወዲህ! ወደ ዘብ ቤቱ በኩል ያለውን ሸራ እስከ መሬት አውርዱት!" ይላል። እድሩ ነገሩን መቼ እንዳወቀ እስከ ዛሬ የሚነግረኝ አላገኘሁም። ብቻ ያ ሁሉ ቀጥ ያለ መንገድ በአንዲት ሸራ ተቆረጠ። ሙሄ ከዘብ ቤቱ ሆኖ የሚያየው ነገር አጣና ወንበሩን አዙሮ ወደ አስፋልቱ ተቀመጠ።

አቤት ድንኳኑ! ከሐዘኔ ጋር ደስታዬን የማስቀምጥበት አጣሁ። ውስጡ አረንጓዴ ብርሃን አለው፣ የሸራና የጭድ ሽታ አለው። ወደ ወንዙ የሚወርድ ሁሉ በውስጡ ነው የሚያልፈው። ወተት ሻጩም፣ ተማሪውም፣ ከብስራተ ገብርኤል ታቦት ሸኝታ የምትመለሰውም፣ ሸራውን ገለጥ አድርጎ ይገባል፣ ጎንበስ ይላል፣ "እግዜር ያጽናችሁ" ይላል፣ ይቀመጣል። ትናንት እኮ ይኼው ሰው እዚሁ ቦታ ላይ የሚያሳድዱት ይመስል በጥድፊያ ነበር የሚያልፈው! አሁን ንፍሮ ይዘግናል፣ ጎኑ ካለው ሰው ጋር ያወራል፣ ልጅ ያቅፋል። እናቴ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣ ስትተነፍስ አየኋት፤ ደረቷ ከፍ ዝቅ ሲል። ከስንት ጊዜ በኋላ! እኔም ከጭን ጭን እየዞርኩ ስለ አጎቴ ላቀው የጠየቀኝንም ያልጠየቀኝንም አወራሁ። ማታ ላይ ቀዩ በሬ ቀንዱ ክንዴን ያህል ሆኖ ነበር።

በሁለተኛው ቀን ሰፈርተኛው ሥራ በዋለበት ሰዓት ቀርተው የነበሩት እንግዶቻችን መጡ። ናፍቀውኝ ነበር! ሁሉም ጥቁር በጥቁር ለብሰው፣ ከአስፋልቱ ጀምረው በሙሄ ፊት በይፋ እየተንሰቀሰቁ ነው የመጡት። ሙሄም ለእያንዳንዳቸው ከመቀመጫው ብድግ እያለ አሳለፋቸው። ለቅሶ ሊደርስ የመጣን ሰው ማን ወዴት ነህ ይለዋል?

እትዬ ሐሚዳ የድንኳኑ አፍ ላይ ተቀመጠች። ጋሽ ዳባ የሚባለው ሽማግሌ እንግዳችን ጋቢውን እንደ ሐዘንተኛ ተከናንቦ መሀል ቆመ። ያንን ዝግ ያለ መዝሙር ጀመሩ፤ እንደ ሙሾ ጎተት አድርገው። ሣራ ተንበረከከች። ወጋየሁም አጠገቧ ተንበረከከ። እሱን መርዶውን ያመጣው ሰው አድርጌው ስለነበር አዘንኩለት። ሣራ ታለቅሳለች፣ በእንባዋ ውስጥ ደግሞ ጥርሷ ብልጭ ይላል። ሐዘን ሲጠና እንዲህ ያደርጋል መሰለኝ ብዬ የበለጠ አለቀስኩ።

በዚህ መሀል የቀትሩ የዙህር ሶላት ሰዓት ደረሰ። እትዬ ሐሚዳ ግራ ቀኝ አየች፣ መንገዱ ጭር ብሏል፤ እንደ ሁልጊዜዋ ልትሰግድ ቤቷ ገባች።

ሸራው ተገለጠና ጓድ ዳኜ ገባ። ከኋላው ሙሄ ከነጠመንጃው።

መዝሙሩ ተቆረጠ። ጋሽ ዳባ በሣራና በወጋየሁ ራስ ላይ ሊጭናቸው የዘረጋቸው እጆቹ አየር ላይ ቀሩ። ጓድ ዳኜ ሰዉን በዓይኑ ዞረው። ከእድሩ ሰው አንድም የለም፤ ያሉት በሙሉ እንግዶቻችን ናቸው።

"ሟቹ ማን ይባላል?" አለ ወደ እናቴ ዞሮ።

እናቴ አንገቷን ደፋች።

"እነዚህንስ ምን ያንበረክካቸዋል?"

እናቴ ዓመታት ካለፉ በኋላ ያቺን ቅጽበት ስታነሣ፣ "ልዋሽ ብል ምላሴ አልታዘዝ አለኝ፣ እውነቱን ብናገር ሣራን ዳግመኛ ሊወስዷት ነው። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር" ትል ነበር። ወጋየሁ የሣራን እጅ ጠበቅ አድርጎ ያዘ።

ጓድ ዳኜ እኔን አየ። "አንቺ፣ ማን ነው የሞተው?"

"አጎቴ ላቀው ነዋ!" አልኩና ፈነዳሁ። ከትናንት ሌሊት ጀምሮ የቋጠርኩት ሁሉ ወጣ። "ጊቤን በዋና ይሻገር ነበር! ቀይ በሬውስ አሁን ማን ይጠራዋል? ለገና ሊመጣልኝ ነበር እኮ! መንገዳችንን ላሳየው ነበር! አስፋልቱ ጋ ላቆመውና እኔ በራችን ላይ ሆኜ እጄን ላውለበልብለት ነበር! ድሮ ቢመጣ በጠማማው ይጠፋብን ነበር፤ አሁን ግን ቤታችን ከአስፋልቱ ይታያል! ይኼን የመሰለ መንገድ ሳያይ ሞተ! ሳያየው!"

ትንፋሽ አጠረኝ። ንፍጤ፣ እንባዬ፣ ሁሉም አንድ ላይ ሆነ። ቀና ስል ጓድ ዳኜ ቀስ ብሎ ኮፍያውን አወለቀ።

"ጠመንጃውን ውጭ አድርገው" አለው ሙሄን። መጥቶም አጠገቤ ጭዱ ላይ ተቀመጠ። የመሐረቡ ሽታ ሳሙና ሳሙና ይላል፤ አፍንጫዬን ጠረገልኝ።

"መንገዱን ትወጂዋለሽ?" አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

"በጣም!"

"አንቺ ብቻ ነሽ" አለ።

አንዷ ሴት ንፍሮ በሰሃን አቀበለችው። ተቀበለ። ሰዉ ጠጋ ጠጋ ብሎ ቦታ አሰፋለት። ያንን መንገድ ካሠራ ወዲህ በሰፈሩ ሲያልፍ ሰው በሩን ይዘጋ ነበር እንጂ "ቁጭ ይበሉ" ያለው አልነበረም፤ ይህንን ዛሬ ሳስበው ነው የማውቀው። ያኔ ያየሁት ረጅም እግሮቹን የሚያደርግበት አጥቶ አጥፎ ሲቀመጥ ብቻ ነው። አጎቴ ላቀውም እንዲህ ነበር የሚቀመጠው ብዬ አሰብኩ።

ጋሽ ዳባ ያን ጊዜ እጆቹን አወረደ፣ አንዱን በሣራ ራስ፣ አንዱን በወጋየሁ ራስ። በሹክሹክታ ጸለየ። ረጅም ጸሎት ነበር። ሲጨርስ ሁሉም "አሜን" አለ። ጓድ ዳኜም ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ አይቻለሁ።

በዚሁ ሰዓት እትዬ ሐሚዳ ሶላቷን ጨርሳ ሸራውን ገለጠች። ሊቀመንበሩን ጭድ ላይ ስታየው፣ "ዋይ! ዋይ! ላቀውዬ!" ብላ ጮኸች። ከዚያ በኋላ በየትኛውም ለቅሶ ቤት እንደዚያ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም። ጓድ ዳኜ ራሱ ተነሥቶ ደግፎ አስቀመጣት።

እናቴ ዳኜ ያን ቀን ሁሉንም አውቆ ነው ያለፈን ትላለች። እትዬ ሐሚዳ ምንም አላወቀም ብላ በአላህ ትምላለች። እኔ እንጃ። በማግስቱም ብቻውን መጥቶ እስኪመሽ ተቀምጦ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ተነሣ። መንገዱ እንደገና ከአስፋልቱ እስከ ወንዙ ቁልጭ አለ። ሣራና ወጋየሁ "አገር ቤት ሐዘን ሊደርሱ" ተብሎ ሻንጣቸውን ይዘው ወጡ። ሰፈርተኛው ግራና ቀኝ፣ በኖራ የተቀቡት ድንጋዮች አጠገብ፣ ጥቁሩን እንደለበሰ ቆሟል። ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ልጅ አዋቂው፣ አንድ ሰው ቤቱ አልቀረም። ለአጎቴ ላቀው ይህ ሁሉ ሰው በመውጣቱ ልቤ በኩራት አበጠ።

ሁለቱ መሀል መሀሉን ሄዱ። ሣራ ዳሩን አልያዘችም። አንገቷን አልቀበረችም። ቀና ብላ፣ ዝግ ብላ፣ ግራ ቀኝ እያየች፣ ወጋየሁን ክንዱን ይዛ ትራመዳለች። ረጅም ነው መንገዱ፤ ከእኛ ደጅ እስከ ዘብ ቤቱ ሰው ሁሉ በደንብ አያት። ሙሄ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ቆመ። ጓድ ዳኜ አስፋልቱ ጋ ኮፍያውን ደረቱ ላይ አድርጎ ይጠብቃቸዋል። ሙሽራ እንዲህ ባለ ሰፊ ጎዳና፣ ይህን በሚያህል አጃቢ፣ ዘብ ቆሞላት ስትሸኝ እስከ ዛሬ አላየሁም።

አስፋልቱ ጋ ሊደርሱ ትንሽ ሲቀራቸው እትዬ ሐሚዳ መቻል አቃታት።

"እልልልል..."

አመለጣት። አፏን በሁለት እጇ ግጥም አድርጋ ያዘች። ሙሄ ዞረ። ጓድ ዳኜም ዞረ።

እኔ በንዴት ነደድኩ። መንገዱ መሀል ገብቼ፣ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ፣ ከዳር እስከ ዳር በሚሰማ ድምፅ፣ "እትዬ ሐሚዳ! አያፍሩም? ሰው ሞቶብን እኮ ነው!" አልኳት።

ያን ጊዜ ግራና ቀኝ የቆመው ሰው ሁሉ፣ እናቴም ጋሽ መዝገቡም፣ አንድ ላይ ነጠላውንና ጋቢውን ወደ አፉ አስጠጋ። ፊታቸውን ሸፍነው ጎንበስ አሉ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ሰፈሩ በሙሉ አብሮኝ ያለቀሰ መስሎኝ፣ በቁጣዬ ተጸጽቼ፣ እኔም ቀሚሴን ወደ ዓይኔ አነሣሁ።